በእናት ቍጠር፦ የአዲሲቱ ፈረንሳይ ስሞችና ዘር ፈላጊዎቻቸው

በ1965 ሰኔ ላይ አንድ የአርባ ሦስት ዓመት አሜሪካዊ ደራሲ ፓሪስ ገባ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰውየው ጃክ ኬሩዋክ ነው። «ኦን ዘ ሮድ» የተሰኘው ልብ ወለዱ ከወጣ ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዝናው ጫፍ ደርሶ ማዘቅዘቅ ጀምሯል፣ መጠጡም ጠንቶበታል። የመጣው ግን ለመጽሐፍ ሥራ አይደለም፤ ቅድመ አያቶቹን ፍለጋ ነው። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ መዛግብት እንዲወጡለት ጠየቀ። ከዚያ በባቡር ወደ ምዕራብ፣ ወደ ብሬታኝ ክፍለ ሀገር፣ ባሕሩ ዳር እስካለችው እስከ ብረስት ከተማ ድረስ ዘለቀ። በቤተሰቡ ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ወግ ነበር፦ የዘራቸው አባት ከብሬታኝ ተነሥቶ ካናዳ የገባ የመኳንንት ልጅ ነው ይባላል። ደራሲው የዚያን ሰው ዱካ ፈልጎ፣ ፈልጎ፣ ባዶ እጁን ተመለሰ። በማግስቱ ዓመት ጉዞውን የሚተርክ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1969 ፍሎሪዳ ውስጥ ሲሞት አርባ ሰባት ዓመቱ ነበር።

የጠፋበት ምክንያት ቀላል ነው። ይዞ የሄደው የራሱን ስም ነበር፤ የሚፈልገው ሰው ግን ፈረንሳይ ሳለ በዚያ ስም አልተጠራም።

ነገሩ የተፈታው ደራሲው ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ፓትሪሲያ ዳዢዬ የምትባል የብሬታኝ የዘር ሐረግ አጥኚ፣ ካናዳ ካሉት የቤተሰቡ ሰዎች ጋር ሆና ስትፈልግ ቆይታ፣ ዩኤልጓት በምትባል ትንሽ ከተማ መዝገብ ውስጥ አገኘችው። ስሙ ዩርበን ፍራንሷ ለ ቢያን ነው፤ አባቱ የከተማዋ ንጉሣዊ ውል አዋዋይ ነበር። ቤተሰቡ «ኬርቮአክ» የሚል የርስት ስም በስሙ ላይ ይቀጥላል። ወጣቱ በ1720 ሰርግ ላይ ገንዘብ ሰረቀ ተብሎ ስሙ ጎደፈ፤ ከዚያ ወዲያ አገሩን ለቆ ባሕር ተሻገረ። ካናዳ ሲደርስ «ለ ቢያን» ቀርቷል፣ «ዩርበን» ቀርቷል፤ መዝገቦቹ ላይ አንዴ አሌክሳንድር፣ አንዴ ሞሪስ ሉዊ እየሆነ ይታያል። የርስቷን ስም ብቻ ይዟል። በ1732 ካፕ ሴንት ኢኛስ በተባለ ደብር ሉዊዝ ቤርኒዬን አገባ፤ በ1736 ካሙራስካ ላይ ሞተ። የጋብቻ ዕድሜው አራት ዓመት እንኳ ያልሞላ ይህ ሰው ዛሬ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ኪሩዋክ፣ ኬሩዋክ፣ ኬሮአክ እያሉ ለሚጽፉ ሁሉ አባት ነው። ከነሱ አንዱ የሞንትሪያልን የዕፅዋት ሥፍራ በ1931 የመሠረቱት መነኩሴ፣ ብራዘር ማሪ ቪክቶረን ናቸው፤ በዓለም ስማቸው ኮንራድ ኪሩዋክ ይባሉ ነበር። የደራሲው የራሱ የክርስትና መዝገብም፣ በ1922 ማሳቹሴትስ ሎዌል ላይ የተጻፈው፣ «ዣን ሉዊ ኪሩዋክ» ይላል።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት ለየት ያለ ስለሆነ አይደለም። አዲሲቱ ፈረንሳይ ይባል ከነበረው ግዛት፣ ማለትም ዛሬ ኩቤክ፣ አካዲያና ሉዊዚያና ከምንላቸው አገሮች፣ ዘሩን የሚቆጥር ማንኛውም ሰው ሦስተኛ ወይም አራተኛ አያቱ ላይ ሲደርስ ከዚህ ዓይነት ሰው ጋር ይጋጫል። የአባት ስም ይሸሻል። የማይሸሽ ሌላ ስም ግን በዚያው መዝገብ ላይ አለ።

መጥረቢያ የፈረመ አናጢ

በመጀመሪያ መዝገቡ ራሱ ከየት መጣ? የፈረንሳይ ነገሥታት ቄሶቻቸውን ጸሐፊ ያደረጉት ቀስ በቀስ ነው። በ1539 የቪሌ ኮትሬ ዐዋጅ ጥምቀት እንዲመዘገብ አዘዘ፤ በ1579 የብልዋ ዐዋጅ ጋብቻንና ቀብርን ጨመረ፤ በ1667 ሉዊ 14ኛ እያንዳንዱ መዝገብ በሁለት ቅጂ እንዲዘጋጅ ደነገገ፤ አንዱ በደብሩ ይቀራል፣ ሌላው ለፍርድ ቤት ጸሐፊ ይሄዳል። ይህ ሁለተኛ ቅጂ ስንቱን ከእሳት እንዳዳነ ለመረዳት ቅጂው ያልነበረበትን ጊዜ ማየት ይበቃል። በ1640 ሰኔ የኩቤክ ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፤ ከ1621 ጀምሮ የተጻፈው መዝገብም አብሮ ነደደ። ካህናቱ ምእመናኑን እየጠየቁ በቃል ትውስታ እንደገና ጻፉት። የከተማዋ የመጀመሪያ ሃያ ዓመታት ጥምቀትና ጋብቻ ዛሬ የሚታወቀው ሰዎች ባስታወሱት ልክ ነው።

ሰፋሪዎቹ ብዙ አልነበሩም። ሳሙኤል ደ ሻምፕላን ኩቤክን በ1608 ቆረቆረ፤ ከሃምሳ ስምንት ዓመት በኋላ የግዛቱ አስተዳዳሪ ዣን ታሎን ሕዝቡን ሲቆጥር 3,215 ሰው ብቻ አገኘ። በመቶ ሃምሳ ዓመት ውስጥ መጥቶ የቀረውና ቤተሰብ የመሠረተው በጠቅላላ 10,000 ገደማ ነው። ታዲያ እንግሊዞች በ1760 ሞንትሪያልን ሲይዙ ሕዝቡ ወደ 70,000 ደርሶ ነበር። የጨመረው በስደት ሳይሆን በወሊድ ነው።

ዛካሪ ክሉቲዬ የሚባል አናጢ ለዚህ ምስክር ነው። ፔርሽ ከተባለው የፈረንሳይ አውራጃ በ1634 ከነቤተሰቡ መጣ። መጻፍ አያውቅም፤ ሲፈርም መጥረቢያ ይሥላል። በ1636 ሴት ልጁን አንን ለሮቤር ድሩወን ሲያጭ የተጻፈው ውል በካናዳ ከተረፉት የጋብቻ ውሎች ሁሉ ቀዳሚው ነው። የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች የቀድሞ መዛግብትን ከ1966 ጀምሮ አንድ በአንድ ሲያገናኙ ቆይተው፣ ይህ መጥረቢያ ሣይ እስከ 1800 ድረስ 10,850 ተወላጅ እንዳፈራ ቆጠሩ። ከሰፋሪዎቹ ሁሉ አንደኛ ነው።

የቄሱ መዝገብ ብዙ ይናገራል። የጥምቀት ጽሑፍ አባቱን፣ እናቱን ከነአባቷ ቤተሰብ ስም፣ የክርስትና አባቱንና የክርስትና እናቱን ይጠራል፤ መጨረሻ ላይ እነማን እንደፈረሙና እነማን «መፈረም አንችልም» እንዳሉ ያስታውሳል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጋብቻው ጽሑፍ ነው፤ የሁለቱን ተጋቢዎች እናትና አባት በስም ያስቀምጣል፣ አንዱ ከፈረንሳይ መጥቶ ከሆነ ደብሩን ጭምር። በዚህ ጽሑፍ ሰው ከጋብቻ ወደ ጋብቻ እየተረማመደ በአንድ ቀን ሦስት መቶ ዓመት ሊወጣ ይችላል። ዘመዳሞች ሲጋቡ ደግሞ ኤጲስ ቆጶሱ የሰጠው ፈቃድ ይጻፋል፤ በስንት ትውልድ እንደሚገናኙ ሳይቀር። በእኛ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት የሚለው ደንብ በካቶሊኮችም ነበር፤ በ1215 የላቴራን ጉባኤ ነው ወደ አራት ያወረደው።

ይህን ሁሉ መጀመሪያ በመጽሐፍ የሰበሰቡት ሲፕሪየን ታንጌ የተባሉ ቄስ ናቸው። ሰባት ቅጽ ያለው የቤተሰቦች መዝገበ ቃላታቸው ከ1871 እስከ 1890 ወጣ። ስሕተት አለበት፤ ቢሆንም ዛሬም ሳይገለጥ አይታለፍም።

«የተባለ»

አሁን ወደ ችግሩ። መዝገቡን ገልጦ የሚያነብ ሰው ብዙ ጊዜ በሁለት ስም መካከል «ዲ» የምትል አጭር ቃል ያገኛል። «የተባለ» ማለት ነው። ፒየር ኡዶን ዲ ቦልዩ፣ ዣክ ሚቪል ዲ ዴሼን። ልጆቹ አንዱ የመጀመሪያውን፣ ሌላው ሁለተኛውን፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል። ዛሬ ኩቤክ ውስጥ ኡዶን የሚባሉና ቦልዩ የሚባሉ ጎረቤታሞች፣ ወንድማማቾች የወለዷቸው መሆናቸውን ሳያውቁ ይኖራሉ።

የ«ዲ» ትልቁ ምንጭ ሠራዊቱ ነው። በ1665 የካሪኛን ሳሊዬር ክፍለ ጦር ከ1,000 በላይ ወታደር ይዞ ኩቤክ ወረደ፤ ዘመቻው ሲያበቃ 400 ያህሉ እዚያው ቀሩ። የፈረንሳይ ወታደር ሲቀጠር የጦር ስም ይሰጠው ነበር፤ በአንድ ጓድ ውስጥ አሥር ዣንና አሥር ፒየር ባለበት አለቃው ሰዎቹን መለየት አለበት። በ1716 የወጣ ንጉሣዊ ደንብ ደግሞ የወታደሩ የጦር ስም ከትውልድ ቦታውና ከመልኩ ጋር በስም ዝርዝር ላይ እንዲሰፍር አደረገ። ስሞቹ ደስ ይላሉ፦ ላፍለር፣ አበባው፤ ሳንሱሲ፣ ሐሳብ የለሹ፤ ላዠኔስ፣ ጎረምሳው፤ ትራንሽሞንታኝ፣ ተራራ ቆራጩ፤ ቫድቦንከር፣ ደስ ብሎት የሚሄደው። ያለ ፌዝም አልነበሩም፤ «ላዱሰር»፣ ልስልሱ፣ የተባለው ምን ዓይነት ሰው እንደነበር መገመት ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ነበሩ። ልዩነቱ የፈረስ ስም ከባለቤቱ ጋር መሞቱ ነው፤ የአባ ዳኘው የልጅ ልጅ «ዳኘው» ተብሎ አይመዘገብም። በካናዳ ግን ተራራ ቆራጩ ወታደር ካረፈ ሦስት መቶ ዓመት አልፎ፣ የጥርስ ሐኪም የሆነ ተወላጁ በሩ ላይ «ዶክተር ትራንሽሞንታኝ» ብሎ ሊለጥፍ ይችላል።

ሌሎቹ «ዲ»ዎች ከአገር ይመጣሉ፦ ፒካር፣ ኖርማን፣ ብረቶን፣ ሻምፓኝ፣ ላንዥቨን። የሚገርመው የሚቪል ቤት ነው። አባትየው ፒየር ሚቪል ከስዊዘርላንድ ስለመጣ «ለ ስዊስ» ተባለ፤ ልጁ ዣክ ደግሞ «ዴሼን»፣ የባሉጥ ዛፎቹ እንደማለት ነው። በሁለት ትውልድ ውስጥ ሦስት ስም። ዛሬ ካናዳን የሞሉት ዴሼኖች ከዚህ ከዣክ የወረዱ ናቸው።

መኳንንቱ የባሱ ናቸው። ከዲየፕ ወደብ ልጅ ሆኖ የመጣው ሻርል ለ ምዋን ነግዶ፣ ተዋግቶ፣ በ1668 የመኳንንት ማዕረግ አገኘ። ልጆቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን የርስት ስም ያዙ፦ አንዱ ደ ሎንገይ፣ አንዱ ደ ሴንት ኤሌን፣ አንዱ ደ ማሪኩር፣ አንዱ ደ ሴሪኚ። ታሪክ የሚያነብ ሰው እነዚህ የአንድ እናትና አባት ልጆች መሆናቸውን የሚያውቀው ተነግሮት ነው። በ1699 የሉዊዚያናን ሰፈራ የጀመረው ፒየር «ዲበርቪል» ይባላል፤ በ1718 ኒው ኦርሊንስን የቆረቆረው ታናሽ ወንድሙ ዣን ባቲስት «ደ ቢየንቪል» ነው። ያም ስም የራሱ አልነበረም፤ የመጀመሪያው ቢየንቪል ፍራንሷ የሚባለው ወንድሙ ነበር፣ በ1691 በውጊያ ሞተና ስሙ ለታናሹ ተላለፈ። ስም እንደ ካባ ከሟች ትከሻ ወርዶ በሕያው ትከሻ ላይ ዋለ።

ስማቸውን ያልጣሉት

በዚህ ሁሉ ግርግር ውስጥ አንድ ነገር አይናወጥም፤ የሴቲቱ ስም ነው። በአዲሲቱ ፈረንሳይ ያገባች ሴት በቤተ ክርስቲያንም፣ በውል አዋዋዩም፣ በፍርድ ቤትም የምትጻፈው በአባቷ ቤት ስም ነበር። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ስታገባ፣ በየዓመቱ ልጅ ስታስጠምቅ፣ ባሏ ሞቶባት ሌላ ስታገባ፣ በሰማንያ ዓመቷ ስትቀበር ያው አንድ ስም። በሰፈሯ «የእገሌ ሚስት» ትባል ይሆናል፤ ወረቀቱ ግን አይለውጣትም። ስለዚህ ባል ከአንዱ ልጅ ጥምቀት እስከ ሌላው «ኡዶን»፣ «ቦልዩ»፣ «ኡዶን ዲ ቦልዩ» እያለ ሲቀያየር፣ አንድ ሰው መሆኑ የሚረጋገጠው ሚስቱ አንዲት በመሆኗ ነው።

ይህን የሚያውቁ አጥኚዎች ጥንድ ነው የሚፈልጉት እንጂ ነጠላ ሰው አይደለም። ሉዊዝ ቤርኒዬን የያዘ ሰው የባሏን ስም በምን ዓይነት ፊደል ቢጽፉት ልጆቿን አያጣቸውም። ብዙዎቹ የቤተሰብ ማኅበራት ግን አሁንም በአባት ስም ተሰብስበው፣ በአባት ስም መጽሔት አሳትመው፣ በአባት ስም ብቻ ሐረግ ይሥላሉ። በእኔ እይታ ይህ ከግማሽ በላይ የሆነውን ታሪክ መጣል ነው። ርስት ለመጠየቅ በአባትም በእናትም ቆጥሮ ሽማግሌ ፊት የሚቆም የጎጃም ወይም የጎንደር ባላገር ለዚህ ሥራ ይሻል ነበር።

እናቶቹ እነማን ናቸው? ትልቁ ክፍል «የንጉሥ ልጆች» የሚባሉት ናቸው። ከ1663 እስከ 1673 ድረስ ንጉሡ የመርከብ ወጪያቸውን ከፍሎ፣ ለብዙዎቹም የጥሎሽ ገንዘብ ጨምሮ፣ 770 ያህል ሴቶች ላከ። ብዙዎቹ ወላጅ ያጡ ናቸው፤ ከፊሎቹ ፓሪስ ካለው የሳልፔትሪየር የድሆች መጠለያ የወጡ ናቸው። ወንዱ በዝቶ ሴት በጠፋበት አገር ምርጫው የነሱ ነበር፤ ከአንዱ ጋር የተፈራረሙትን የጋብቻ ውል በሳምንቱ አፍርሰው ከሌላው ጋር የገቡ አሉ፣ ውል አዋዋዩም ሁለቱንም ወረቀት አስቀምጦልናል።

ከነሱ መካከል ካትሪን ደ ባዮን የተባለች አለች። በ1669 መጥታ በዚያው ዓመት ኩቤክ ላይ ያንኑ ዣክ ሚቪል ዲ ዴሼንን አገባች። የመኳንንት ልጅ ነበረች፤ አጥኚዎች በ1990ዎቹ ሐረጓን በሰነድ ወደ ኋላ ተከትለው ከንጉሠ ነገሥቱ ከሻርለማኝ አደረሱት። ዜናው ኩቤክን አስፈነደቀ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች የንጉሠ ነገሥት ዘር ሆኑ። ለእኔ ግን ሻርለማኝ ብዙም አያስደንቀኝም፤ አርባ ትውልድ ወደ ኋላ የሄደ አውሮፓዊ ሁሉ እዚያ አካባቢ መድረሱ አይቀርም፣ ሒሳቡ ያስገድደዋል። የሚያስደንቀው የመኳንንት ልጅ የሆነች ሴት ለምን ብቻዋን መርከብ እንደተሳፈረች ነው፤ ያንን መዝገቡ አይነግረንም።

ሁሉም ዮሴፍ፣ ሁሉም ማርያም

የቤት ስም አልፎ የመጠሪያ ስም ላይ ሲደረስ ሌላ ወጥመድ አለ። ሕፃን በተወለደ በቀኑ ወይም በማግስቱ ይጠመቃል፤ ሕይወቱ የሚያሰጋ ከሆነ አዋላጅዋ ራሷ ውኃ ታፈስሳለች፣ ይህም ይመዘገባል። ስሙን ብዙ ጊዜ የሚሰጡት የክርስትና አባትና እናት ናቸው፤ ብዙ ጊዜም የራሳቸውን ነው የሚሰጡት። ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳን ስም ትፈልጋለች። ውጤቱ በአንድ መንደር ውስጥ ዣን ባቲስትና ማሪ አን መርገፋቸው ነው። ልጅ ሲሞት ቀጥሎ ለሚወለደው ያንኑ ስም መስጠትም ልማድ ነበር። አጥኚው የፒየርን ጥምቀት አግኝቶ ደስ ሲለው፣ ያ ፒየር በሦስት ወሩ የተቀበረው ሊሆን ይችላል፤ ትክክለኛው ፒየር ከሁለት ዓመት በኋላ ነው የሚመጣው።

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ደግሞ ወንዱ ሁሉ በዮሴፍ፣ ሴቷ ሁሉ በማርያም መጀመር ያዘ። መጀመሪያ ዮሴፍ ወይም ማሪ፣ ቀጥሎ የክርስትና አባቱ ወይም እናቷ ስም፣ በስተመጨረሻ ሰዎች የሚጠሩበት። በ1934 የተወለዱት የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ዣን ክሬትየን መዝገብ ላይ «ዮሴፍ ዣክ ዣን» ናቸው። በ1919 ሞንትሪያል ላይ የተወለዱት ፒየር ትሩዶ ደግሞ «ዮሴፍ ፊሊፕ ፒየር ኢቭ ኤልየት» ይባላሉ፤ ኤልየት የእናታቸው የቤት ስም ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ስም ብቻ አይቶ «ሰባት ዮሴፍ ወንድማማቾች» ብሎ የጻፈ ጀማሪ ካጋጠማችሁ አትሳቁበት።

በቃል የቆጠሩት

አካዲያ፣ ማለትም የዛሬዋ ኖቫ ስኮሺያና አካባቢዋ፣ ታሪኳ ይለያል። በ1755 እንግሊዞች ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹን ከነልጆቻቸው በመርከብ እየጫኑ በተኗቸው፤ ቤታቸው ተቃጠለ፣ ብዙው የደብር መዝገብ ጠፋ። ከተበተኑት 78 ቤተሰቦች ዞረው ዞረው በ1765 ብሬታኝ ፊት ለፊት ባለችው ቤል ኢል ደሴት ሰፈሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ባለ ሥልጣናቱ የቤቱን አለቆች አንድ በአንድ ጠርተው፣ ዘራቸውን በመሐላ ከቃላቸው እንዲናገሩ አድርገው ጻፉት። መዝገቡ ሳይኖር አያት፣ ቅድመ አያት፣ ማን ከማን ተጋብቶ ማን የት እንደሞተ ቆጠሩ። ዛሬ የአካዲያ ዘር ፈላጊ ሁሉ ያንን የመሐላ ቃል ነው የሚመረኮዘው።

የሚገርመው በአካዲያ መንደሮች ሰው እንዲያ መቁጠር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አለመተዉ ነው። መንደሩ ሁሉ ለብላን ወይም ሁሉ ኦኩወን ስለሆነ የቤት ስም ማንንም አይለይም፤ ስለዚህ «ማሪ አ ፖል አ ዣን» ይላሉ፣ የዣን ልጅ የፖል ልጅ ማሪ። ለእኛ ሰው ትርጕም የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ከስደተኞቹ መሪ አንዱ ዮሴፍ ብሩሳር ዲ ቦሶሌይ ነው፤ በ1765 ወገኖቹን ይዞ ሉዊዚያና ገባ። ከእርሱ ዘር ይወለዳሉ ከሚባሉት መካከል ዘፋኟ ቢዮንሴ ናት፣ በእናቷ በቲና ኖውልስ በኩል። የቢዮንሴ የመጠሪያ ስሟ የእናቷ የቤት ስም ነው። ቲና እንደተናገሩት ወንድሞቻቸው ይህንኑ ስም በሌላ ፊደል ነው የሚጽፉት፤ የልደት ወረቀታቸውን የጻፈው ሰው እንዳሻው ስለጻፈው። እናታቸው እንዲታረም ሲጠይቁ፣ ወረቀት ማግኘትሽን አመስግኚ ተባሉ፤ ጥቁሮች የልደት ወረቀት የማያገኙበት ጊዜ ነበርና።

ይህ ወደ መዝገቡ ጨለማ ክፍል ይወስደናል። በ1629 እንግሊዞች ኩቤክን ለጥቂት ዓመታት ሲይዙ አንድ ትንሽ ልጅ ይዘው መጥተው ሸጡት፤ ከማዳጋስካር እንደመጣ ይነገራል። በአገሩ ምን ተብሎ እንደሚጠራ አልተጻፈም። በ1633 ሲጠመቅ ከግዛቱ ዋና ጸሐፊ ከኦሊቪዬ ለ ታርዲፍ «ኦሊቪዬ» የሚለውን ተቀበለ፤ በኋላም ካስተማረው ኢየሱሳዊ ቄስ ከፖል ለ ዠን «ለ ዠን» የሚለውን። በ1654 ሲቀበር የተመዘገበው በሁለት ነጮች ስም ነው። ታሪክ ጸሐፊው ማርሴል ትሩዴል በፈረንሳይ ካናዳ ከ4,000 በላይ ባሮች ቆጥረዋል፤ ሁለት ሦስተኛው የአገሩ ተወላጆች ናቸው፣ መዝገቡም ከየትኛውም ነገድ ይምጡ «ፓኒ» ይላቸዋል። አብዛኞቹ አንድ የክርስትና ስም ብቻ አላቸው፤ የአባትም የእናትም ዓምድ ባዶ ነው። በማርቲኒክ፣ በጓድሉፕና በሬዩኒዮን ደግሞ የቤት ስም የመጣው በ1848 ባርነት ሲሻር ነው፤ በቅኝ ግዛቶቹ ነፃ ለወጡት 250,000 ገደማ ሰዎች የመንግሥት ጸሐፊዎች ተቀምጠው ስም አደሉ። የነዚያ ልጆች ፍለጋቸው በአያት ስም ሳይሆን በጸሐፊው ቀለም ይጀምራል።

ከድንበሩ ማዶ

ከ1840 እስከ 1930 ባለው ጊዜ 900,000 ያህል ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳውያን ወደ አሜሪካ፣ በተለይ ወደ ኒው ኢንግላንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተሰደዱ። እዚያ ስሞቹ እንደገና ተገለባበጡ፤ ለብላን ዋይት ሆነ፣ ርዋ ኪንግ፣ ቧቬር ግሪንውድ፣ ሻርፓንቲዬ ካርፔንተር፣ ቤንዋ ቤንዌይ። ያልተተረጎመው እንደተሰማ ተጻፈ። አያቱ «ኪንግ» የሆነ የቨርሞንት ሰው ዘሩን እንግሊዝ ሄዶ ቢፈልግ ዕድሜውን ይፈጃል። መፍትሔው ያው ነው፤ ሚስትየዋን ይያዝ። የፋብሪካው ጸሐፊ ባልየውን ኪንግ ቢለውም የካቶሊኩ ቄስ ሚስቱን በአባቷ ስም ነው የጻፋት።

ፍለጋ ለሚጀምር ሰው ሥራው የሚገመተውን ያህል አይከብድም። ከራስ ተነሥቶ ወደ ኋላ መሄድ እንጂ ከታዋቂ አባት ተነሥቶ ወደ ራስ መውረድ አይሆንም። የጋብቻ ጽሑፍ ከጥምቀት ይቀድማል። የድሩወን ተቋም በ1940ዎቹ በፊልም ያነሣቸው የደብር መዛግብት፣ የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ያያያዛቸው ቤተሰቦች፣ በኩቤክ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ያሉት የውል አዋዋዮች ሰነዶች አብዛኛውን መንገድ ያደርሳሉ። ውሉን አለመዝለል ነው፤ ቄሱ «አናጢ» ብሎ ያለፈውን ሰው ውል አዋዋዩ ስንት ላም፣ ስንት ማንኪያ፣ ከማን ጋር ጠብ እንደነበረው ጭምር ይነግረናል።

ኩቤክ ውስጥ መዝገቡ ከአብያተ ክርስቲያናት እጅ ወጥቶ ሙሉ በሙሉ ወደ መንግሥት የዞረው በ1994 ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1981፣ ሕጉ ያገባች ሴት በራሷ ስም እንድትጠቀም አዘዘ፤ የባሏን ስም ልያዝ ብትል እንኳ አይፈቀድላትም። እንግሊዞች ያመጡት ልማድ ቀርቶ የጥንቱ ደንብ ተመለሰ ማለት ነው። ልጆችም የአባትና የእናትን ስም በሰረዝ አጣምረው መያዝ ቻሉ፤ ክሉቲዬ-ትራምብሌ፣ ድሩወን-ጋኞን። ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች ተጋብተው ሲወልዱ አራት ስም አይፈቀድም፤ ሕጉ የልጅን የቤት ስም ከሁለት ክፍል እንዳይበልጥ ገድቦታል። የትኛው ሁለት እንደሚቀር የሚወስኑት ወላጆቹ ናቸው፣ ወንድምና እህትም የግድ አንድ ዓይነት አይይዙም።